የመስኮቱ ወገንና የስክሪኑ ወገን

አቶ ታዶኮሮ ከምክትል ርዕሰ መምህርነት ጡረታ ከወጡ በኋላ የሚቆጡት ተማሪ ስላጡ የፎቶግራፍ ክበብ ሊቀመንበር ሆኑ። በጃፓን የታካማትሱ ከተማ ጡረተኞች ክበብ ነው። አባላቱ ማለዳ ማለዳ መናፈሻው ውስጥ ካለው ኩሬ ዳር ባለሦስት እግር መቆሚያቸውን ይተክሉና፣ ክንድ ክንድ የሚያህል ሌንስ ደግነው፣ ካዋሴሚ የምትባለውን ሰማያዊ ወፍ ይጠብቃሉ። ወፏ እፍኝ አትሞላም። ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ውሃውን ታያለች፤ ከዚያ ድንገት ጥልቅ ትልና ትንሽ ዓሣ በአፏ ይዛ ብቅ ትላለች። የተደገነባትን መሣሪያ ብዛት ላየ ግን ባንክ ዘርፋ የምትፈለግ ነው የምትመስለው።

አቶ ታዶኮሮ በዚህ ጉባኤ መካከል ጽኑ እምነት ያላቸው ሰው ነበሩ። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ካሜራውን ዓይኑ ላይ ለጥፎ፣ ከላይ ባለችው ትንሽ መስኮት አጮልቆ ማየት አለበት፤ አለቀ። እጁን ዘርግቶ፣ ከካሜራው ጀርባ ያለውን ስክሪን እያየ የሚያነሳ ሰው ለሳቸው ፎቶ አንሺ አይደለም።

«ዳይፐር የሚቀይር አባት ነው የሚመስለው» ይሉ ነበር ለአዲስ አባል ሁሉ። «እንዲህ ከራሱ አርቆ፣ ፊቱን አጨማዶ!»

ሁሉም ይስቃሉ። ሊቀመንበሩ የተናገሩት ቀልድ ስለሆነ መሳቅ የአባልነት ግዴታ ነበር።

ከዚያ ዶክተር ኦኖዴራ መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ሲያዩ የኖሩ የጥርስ ሐኪም ናቸው። መምህርም ሐኪምም «ሴንሴ» ስለሚባል፣ አንድ ሰው ኩሬው ዳር «ሴንሴ!» ባለ ቁጥር ሁለቱም እኩል ዞር ይላሉ። ጠቡ ከዚህ ሳይጀምር አልቀረም።

ኦኖዴራ በመጀመሪያው ቀን ታጣፊ ወንበራቸውን ዘረጉ፣ ካሜራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ፣ ስክሪኑን ወደ ላይ ገለበጡና ሾርባ እንደሚያቀዘቅዝ ሰው ቁልቁል እያዩ ማንሳት ጀመሩ። አቶ ታዶኮሮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ዶክተር፣ ካሜራዎ ላይ መስኮት አለ እኮ። ምናልባት ካላዩት ብዬ ነው።»

«አይቼዋለሁ፣ አመሰግናለሁ።»

«ታዲያ ምነው?»

«ዕድሜዬን ሙሉ አጎንብሼ በጠባብ ቀዳዳ ሳይ ኖርኩ። አሁን እንኳ እንደ ሰው ልቀመጥ።»

«ወፏን የሚያከብር ሰው ወፏን ነው የሚያየው፤ ስክሪን አያይም።»

«እርስዎስ ወፏን ነው የሚያዩት?» አሉ ኦኖዴራ ቀና ሳይሉ። «ካሜራዎ ውስጡ መስታወት ያለው የድሮው ዓይነት ነው?»

«ኧረ! አምና የወጣው ነው» አሉ አቶ ታዶኮሮ ኮራ ብለው።

«እንግዲያው በዚያች መስኮት የሚያዩት ወፏን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ስክሪን ነው። ጥፍር የምታህል ቴሌቪዥን ናት። እኔ ትልቁን ቴሌቪዥን አያለሁ፣ እርስዎ ትንሹን። ልዩነታችን ይኸው ነው፣ ሴንሴ።»

ነገሩ እውነት መሆኑን ሁሉም ያውቁ ነበር፤ ግን ጨዋ ሰው የማይናገረው ዓይነት እውነት ነው።

«ዋናው አቀራረቡ ነው» አሉ አቶ ታዶኮሮ በመጨረሻ። «ውስጡ ምንም ይኑር ምን!»

ይህ ሁሉ ሲሆን ወፏ ውሃ ውስጥ ገብታ፣ ዓሣዋን ይዛ ወጥታ፣ በልታ ሄዳለች። ማንም አላነሳትም።

ከዚያ ወዲህ ክበቡ ለሁለት ተከፈለ። ከመስኮቱ ወገን ወይዘሮ ኩሱኖኪ የሚባሉ፣ በፊት መድኃኒት ቤት የነበራቸው ሴት ከሊቀመንበሩም በለጡ። ለፈተና እንዳይጋለጡ ብለው የካሜራቸውን ስክሪን በጥቁር ፕላስተር ለጥፈው ሸፈኑት። ከስክሪኑ ወገን ደግሞ አቶ ኔዙ የተባሉ የቀድሞ የአውቶቡስ ሾፌር፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ፎቶ በምን እንደሚነሳ ግድም የማይሰጣቸው ሰው፣ «በመስኮት የሚያጮልቅ ሌባ ነው» የሚል ጽሑፍ ካናቴራ ላይ አሳትመው መጡ። ፀሐይ ስትበረታ ስክሪኑ ላይ የሚታያቸው የገዛ ፊታቸው ብቻ ስለነበር የስክሪኑ ወገኖች ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው ያነሳሉ፤ ከሩቅ ላያቸው ለቅሶ የተቀመጡ ይመስላሉ። የመስኮቱ ወገኖች በበኩላቸው በቀኝ ዓይናቸው ዙሪያ ቀይ ክብ ታትሞባቸው ወደየቤታቸው ይገባሉ። ሁለቱም ወገን ሌላውን ሲያይ ያዝናል።

አቶ ታዶኮሮ ለማንም ያልነገሩት አንድ ነገር ነበር። ስክሪኑ ያለ መነጽር አይታያቸውም። መነጽር ደግሞ ሽማግሌ ያስመስላል። እሳቸው ሽማግሌ መሆናቸውን ከሳቸው በቀር ሁሉም ያውቀዋል፤ ይሁን እንጂ መነጽር እዚያ ሁሉ ሰው ፊት! መስኮቷ ግን አጠገቧ ትንሽ ጥርሳም ጎማ አለቻት፤ እሷን እያዞሩ ለራስ ዓይን እንድትስማማ ማድረግ ይቻላል፣ ማንም አያይም። አቶ ታዶኮሮ አምና ትንሽ አዞሯት። በብርዱ ወራት ትንሽ ጨመሩ። በጸደይ እስከ ዳር አዞሯትና ከዚያ በላይ አልዞር አለች። አሁን በመስኮቷም የሚታያቸው ነጭ ነጭ ነገር ሆኗል።

«ዘንድሮ መናፈሻው ጭጋግ በዛው» ይሏቸዋል ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፉሚዬን።

«በሐምሌ? በዚህ ሐሩር?»

«በሐምሌም ይኖራላ!»

ይባስ ብሎ ሌንሱን በገዛ እጃቸው ካላስተካከሉ ደስ አይላቸውም፤ ማሽን እንዲያስተካክልላቸው መፍቀድ ከስክሪኑ ወገን ጋር አንድ መሆን ነው።

በባህል ቀን ለሚደረገው ዓመታዊ ኤግዚቢሽን ፎቶ ሊመረጥ ክበቡ በሰፈሩ አዳራሽ ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ አዲስ ደንብ አመጡ፤ በመስኮት የተነሳ ፎቶ በዋናው ግድግዳ ላይ፣ በስክሪን የተነሳ ግን መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ባለው መተላለፊያ ይሰቀል።

«እሰይ!» አሉ አቶ ኔዙ። «በዚያ የማያልፍ ሰው የለም። እናንተ ግድግዳ ጋ ማን ይመጣል? ግን እስቲ፣ ፎቶው በምን እንደተነሳ በምን ይታወቃል?»

«ለሚያይ ሰው ያስታውቃል» አሉ ሊቀመንበሩ። «እኔ አየዋለሁ።»

ወይዘሮ ፉሚዬ ስም ከጀርባቸው የተጻፈባቸውን ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። አቶ ታዶኮሮ አፍንጫቸው ወረቀቱን እስኪነካ እያጎነበሱ ተራ በተራ አለፉ። አንዱ ጋ ቆሙ። ወፏ ከውሃው ስትወጣ ነው፤ ጠብታዎቹ ክሩ እንደተበጠሰ ዶቃ በዙሪያዋ ተበትነዋል።

«ይኼ!» ድምፃቸው እንደ ድሮው የትምህርት ቤት ሰልፍ አዳራሹን ሞላው። «ዓይን ያለው ሰው እንዲህ ነው! ካሜራውን ግንባሩ ላይ አስደግፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው ያነሳው። ይህ በስክሪን አይገኝም!»

ወይዘሮ ኩሱኖኪ አጨበጨቡ። ሊቀመንበሩ ሞቅ አላቸውና ቀጣዩን አነሱት።

«ይኼኛውስ ወፍ ነው እርጥብ ካልሲ? ይህን ያነሳው ሰው እጁን ዘርግቶ ከጎረቤት ጋር ወሬ ይዞ ነበር። ለዚህ የመጸዳጃ ቤቱ መተላለፊያም ይበዛበታል!»

ሳቅ በሳቅ ሆነ። ወይዘሮ ፉሚዬ ሁለቱን ፎቶዎች አንስተው ጀርባቸውን አዩ። አጠገባቸው የቆሙት ኦኖዴራም አዩ። ኦኖዴራ አፋቸውን ከፈቱ፤ የፉሚዬ ዓይን ዓይናቸው ላይ ሲያርፍ መልሰው ዘጉት።

«ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ጠጡ እንጂ» አሉ ፉሚዬ፣ ፎቶዎቹን ደረታቸው ላይ አቅፈው።

ስብሰባው አልቆ ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ።

«ያወደስከው ፎቶ የኦኖዴራ ሴንሴ ነው» አሉ ፉሚዬ።

አቶ ታዶኮሮ ቆም አሉ።

«ካልሲውስ?»

ፉሚዬ እርምጃቸውን አፋጠኑ።

«ፉሚዬ፣ ካልሲውስ የማን ነው?»

«እኔ ቤት ካልሲ የሚያዝረከርክ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።»

አቶ ታዶኮሮ የሆነ ነገር ሊሉ ፈለጉ፤ ስለ ጭጋግ ሊያወሩ። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነበር። ቀሪውን መንገድ የሚስታቸውን ክንድ ይዘው ሄዱ። እንዲህ ሲያደርጉ ከተጋቡ ወዲህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።

ፉሚዬ በማግስቱ ዓይን ሐኪም ቤት ወሰዷቸው። በሩን ገፋ ሲያደርጉ፣ ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል ዶክተር ኦኖዴራ ቁጭ ብለዋል። ሁለቱ ሰዎች በመጠጥ ቤት እንደተገናኙ መነኮሳት ደነገጡ።

«እንዴ ዶክተር! ምን እግር ጣልዎት?»

«ባለቤቴን ይዤ መጥቼ ነው። እርስዎስ?»

«እኔም ባለቤቴን ነው።»

የኦኖዴራ ባለቤት ካረፉ ዓመታት እንዳለፉ ከተማው በሙሉ ያውቃል። አቶ ታዶኮሮም ያውቃሉ፤ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ፉሚዬ አንገታቸውን ደፉ። ይህን ጊዜ ነርሷ በሩን ከፍታ፣ ዓይን እንጂ ጆሮ የታመመ ሰው የሌለበት ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ ተጣራች።

«ዶክተር ኦኖዴራ፣ የቀኝ ዓይን! አቶ ታዶኮሮ፣ ለሁለቱም ዓይን ጠብታ!»

ከዚያ በኋላ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። ጠብታው እስኪሠራ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ እርስ በርስ ስላልተያዩ ማውራቱ ቀለለ።

«መሃሉ ጠፍቷል» አሉ ኦኖዴራ። «በቀኙ ዳር ዳሩን ነው የማየው። ሰው ሳይ ጆሮው ይታየኛል፣ ፊቱ የለም።»

«ታዲያ በግራ ዓይንዎ በመስኮቱ አያዩም?»

«ሞክሬዋለሁ። በግራ ስለጥፈው አፍንጫዬ ስክሪኑን ይነካል፤ ካሜራው ትእዛዝ የሰጠሁት ይመስለውና ወፏን ትቶ ቅጠል ያስተካክላል።»

«ይህን ቢነግሩን ምን ነበረበት?»

«የከተማው ሰው ግማሹ እኔ ዘንድ ጥርሱን አስነቅሏል። ዓይኑ አያይም ቢባል ሁሉም ወደ መስታወት ሮጦ የትኛውን ነበር የነቀለው ማለት ይጀምራል። እርስዎስ?»

«እኔማ ጭጋግ መስሎኝ» አሉ አቶ ታዶኮሮ። ቆይተው ደግሞ «የካልሲውን ስም አይተው ነበር። ለምን ዝም አሉ?» ብለው ጠየቁ።

«የኔን ያን ያህል ስላመሰገኑልኝ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ጎበዝ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

አቶ ታዶኮሮ እጃቸውን ሰደው የሰውየውን ጉልበት ለመምታት ሲሞክሩ የመቀመጫውን እጀታ መቱት።

የአቶ ታዶኮሮ የዓይን ሞራ በቀዶ ጥገና ወጥቶ ጨርቁ ሲነሳላቸው ዓለም እንደታጠበ ሸሚዝ ነጥቶ ጠበቃቸው። መጀመሪያ ያዩት ፉሚዬን ነበር።

«መቼ ነው እንዲህ ያረጀሽው?»

«አንተ ሳታይ» አሉ ፉሚዬ።

ሁለቱ ሴንሴዎች ከዚያ በኋላ በድብቅ መገናኘት ጀመሩ። የኦኖዴራን ካሜራ እያገላበጡ ስክሪኑ አፍንጫ ሲነካው ዝም እንዲል የሚያደርገውን ቦታ ፈለጉና አገኙት። ኦኖዴራ በግራ ዓይናቸው በመስኮቱ አዩ፤ ያለ ጥቁር ጨርቅ በጠራራ ፀሐይ ማንሳት ምን ያህል ደስ እንደሚል ሲገባቸው ሳቁ። አቶ ታዶኮሮም ስክሪኑን ዘረጉና ያለ መነጽር ቁልጭ ብሎ ታያቸው።

አንድ ማለዳ ወፏ ውሃውን ሊነካ ጥቂት በቀረው ቅርንጫፍ ላይ ተቀመጠች። አቶ ታዶኮሮ በደረታቸው እንዳይተኙ ሣሩ ጤዛ ነው፤ ስለዚህ ካሜራውን ዝቅ አድርገው፣ ስክሪኑን ወደ ላይ አጥፈው፣ ቁልቁል እያዩ አነሱ። ካነሷቸው ፎቶዎች ሁሉ የበለጠ ነበር።

«ሊቀመንበር!» የወይዘሮ ኩሱኖኪ ጩኸት ወፏን አበረራት። «ምን እያደረጉ ነው?»

«ዝቅ ብላ ስለነበር...»

«ዳይፐር የሚቀይር አባት ነው የሚመስሉት!»

ማንም አልሳቀም። ቀልዱ ከቀልድነት አልፎ ሕግ ሆኖ ነበር። አቶ ታዶኮሮ ስለ ዓይናቸው፣ ስለ ጎማዋ፣ ስለ ጭጋጉ አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። ወይዘሮ ኩሱኖኪ እስከ መጨረሻው በትሕትና አዳመጡና፣ ሕመም ለክህደት ምክንያት እንደማይሆን አስረድተው ሊቀመንበርነቱን ተረከቡ። ከኩሬው ማዶ ደግሞ አቶ ኔዙ ኦኖዴራን በመስኮት ሲያጮልቁ እጅ ከፍንጅ ይዘዋቸው ስለነበር በዚያው ሰሞን ዶክተሩም ተሰናበቱ። ሁለቱ ወገኖች ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፤ መሪ የሚባል ሰው አይታመንም።

ሁለቱ የተባረሩ ሴንሴዎችና ፉሚዬ ኡዶን የሚባለውን ትኩስ የፓስታ ሾርባ በልተው፣ ከከተማው ፊት ለፊት ወዳሉት ትንንሽ ደሴቶች የሚወስደውን መርከብ ተሳፈሩ። ቀኑን ሙሉ ዓሣ አጥማጆችን፣ መረብ ላይ የተኙ ድመቶችንና የፈራረሱ ግንቦችን ሲያነሱ ዋሉ፤ አንዴ በመስኮት፣ አንዴ በስክሪን፣ እንደተመቻቸው። ማንም ማንንም አልገሠጸም። ሲመለሱ መርከቡ ላይ ፎቶዎቹን አብረው ያዩ ጀመር።

«ይኼን ድመት በጥቁርና ነጭ ነው የማሳትመው» አሉ ኦኖዴራ።

አቶ ታዶኮሮ ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«በጥቁርና ነጭ? ድመቷ ብርቱካናማ ናት እኮ።»

«ቀለም ዓይንን ያታልላል፣ ሴንሴ።»

«እግዜር ቀለሙን የሰጠው ዶክተሩ እንዲያጠፋው ነው?»

«ጥላና ብርሃን የማይገባው ሰው ነው ቀለም የሚወደው።»

«ኧረ? እስቲ ይድገሙልኝ!»

ፉሚዬ ቦርሳቸውን አነሱና ከመርከቡ ማዶ ሄደው ተቀመጡ።