ግማሹ ለሚቀር

ግንቦት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፤ ጥሩሰው ስልሳ ዓመቱ ነው። ሰመራ፣ ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ሥር ከለቅሶ ደራሾቹ መሃል ተቀምጦ፣ ዐይኑን ከግንቡ ጥግ ካለው ጆንያ ላይ አልነቀለም። ሚስቱን መንበረን የቀበረው ትናንት ነው።

ጆንያው የያዘው ጠጅ ሣር ነው። መንበረ በሞተችበት ዕለት ማለዳ ከነሥሩ ነቅላ፣ ለሁለት ገምሳ፣ ቅጠሉን ከርክማ በእርጥብ ጆንያ ጠቀለለችው። ሳትተክለው ልቧ ከዳት።

ልማዷ ነበር። በሥራ ዝውውር አዋሽን ለቀው ወደ ሰመራ ሲመጡ ግማሹን ለጎረቤት ተክላ፣ ግማሹን ይዛ አውቶቡስ ስትሳፈር ጥሩሰው አፍሮ፣ ሣር ጭኖ የሚሄድ ግመል ብቻ ነው ብሎ አሹፎባት ነበር። እሷም ሳትቆጣ፣ ጠጅ ሣር ሲበዛ መሃሉ ይደርቃል፣ ካልገመሱት ራሱን አንቆ ይሞታል፣ ስለዚህ ግማሹ ለሚሄድ፣ ግማሹ ለሚቀር ነው አለችው። አሁንም የገመሰችው እሱ ጡረታ ወጥቶ ወደ አገራቸው ወደ ደሴ ሊመለሱ ስለነበር ነው። የሚቀረው ድርሻ የጎረቤቷ የኡምሰልማ ነበር።

ጥሩሰው ወደ መንበረ ወንድም ወደ ቻላቸው ጠጋ ብሎ፣ ሥሩ ሳይደርቅ ልትከለው ሲል አንሾካሾከ።

«ሐዘንተኛ ዶማ ይጨብጣል እንዴ ጋሼ? አፈር ያለበስናት እኮ ትናንት ነው። ሌላ መቃብር ልትጠራብን ነው?»

ጥሩሰው አንገቱን ደፋ። ቻላቸውም ድምፁን አለስልሶ፣ አርባዋ እንደወጣ መኪና ይዞ መጥቶ ወደ ደሴ እንደሚወስደው ነገረው።

ኡምሰልማ ለእንግዶቹ ሻይ ይዛ መጥታ ነበርና ሰማች። ትሪውን አስቀምጣ፣ ከቤቷ ዶማ ይዛ ተመለሰች።

«እኔ ልቆፍር። የሟች አደራ አያድርም። የኔን ድርሻ ወስጄ እተክላለሁ፤ የእናንተን ግን ውሃ አርከፍክፌ መልሼ ልጠቅልለው? መንገደኛ ነው አይደል?»

ጥሩሰው ጆንያውን ገለጠ። ነጫጮቹ ሥሮች ጫፋቸው መጠውለግ ጀምሯል።

«የሚሄድ የለም ኡምሰልማ። የእኛን ከነበረበት መልሽው።»

ቻላቸው ከኋላው ቆሞ፣ ይህ የሐዘን ቃል ነው፣ ሲያድር ይበርዳል አለ። ቀጥሎም በዚህ ሐሩር፣ ዘመድ በሌለበት አገር ማን አለህ ብሎ ጠየቀው።

«መንበረ አለች» አለ ጥሩሰው።

ኡምሰልማ ቆፈረች፣ ተከለች፣ አፈሩን በእጇ ጠቅጠቅ አድርጋ ውሃ አጠጣችው። ፀሐይዋ ግን ገና አልበረደችም፤ አዲስ ተከላ ደግሞ ሥር እስኪይዝ ጥላ ይሻል። ጥሩሰው ለሐዘን ዘቅዝቆ የለበሰውን ነጠላ ከትከሻው አወረደ። በአራት እንጨቶች ላይ ወጥሮ ሣሩን ሸፈነለትና፣ እሱ ከጎኑ ፀሐዩ ላይ ተቀመጠ።