በእህቴ ፊርማ

እኔ ችኩል ነኝ፤ አልክድም። ሰው ቁጭ ብሎ ሲያስብ ካየሁ ደሜ ይፈላል። የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ ታላቅ እህቴ ደግሞ ሳይንስ። ትምህርት ቤታችን አንድ፣ ኮሪደራችን አንድ፣ የክፍሎቻችን በር ፊት ለፊት። ተማሪዎቹ እሷን «ቀስ በሉ» ይሏታል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከአፏ ያልጠፋ ቃል ነዋ። እኔን ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ልጄ ታውቃለች፣ ግን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልነግርሽም ትላለች።

ልጄ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ሳይንስ የምታስተምራት አክስቷ ናት። ሦስታችንም የምንኖረው አንድ ቤት ስለሆነ የትምህርት ቤቱ ጣጣ ሁሉ ማታ ማታ አብሮን ይገባል።

የዘንድሮው ጣጣ አዲሱ መመዘኛ ነው። ከእንግዲህ ሒሳብ ለብቻው፣ ሳይንስ ለብቻው፣ ቋንቋ ለብቻው ማስተማር ቀረ ተባለ። እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ቢያንስ ከሁለት ሌሎች ትምህርቶች ጋር መያያዝ አለበት፤ የሚያያዝበትም ነጥብ ቁጥር ተሰጥቶት በዕቅድ ሰንጠረዥ ይሞላል። አስተባባሪ ማን ይሁን ሲባል ርዕሰ መምህሩ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ የኔን ስም ጠሩ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ሰንጠረዥ እወዳለሁ።

ስብሰባው ላይ «ፊሽካ» የምንለው የስፖርት መምህር እጁን አወጣ። «ልጆቹ ሮጠው ልባቸው ሊወጣ ሲደርስ፣ በሉ አሁን ስለ ሩጫችሁ ሁለት አንቀጽ ጻፉ ልበላቸው? በድንጋይ ነው የሚያባርሩኝ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔም ስቄ ስቄ ሳበቃ ከትምህርት ቢሮ የመጣውን ደብዳቤ አነበብኩላቸው። ዕቅዱን ለሌላ ሰው የጻፈም ሆነ በሌላ ሰው ያስጻፈ መምህር ከሥራ ይሰናበታል ይላል። በገዛ አፌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያነበብኩት።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም አስረከበ። ፊሽካ እንኳ ከርዝመት ዝላይ ውስጥ ክፍልፋይ ፈልፍሎ አወጣ። እህቴ ብቻ ቀረች።

«እታለም፣ ሰንጠረዡስ?» እላታለሁ።

«እሞላዋለሁ፤ ቀስ በይ።»

«መቼ?»

«እሁድ ቁጭ ብዬ ልጆቹ ማክሰኞ የሚጠይቁኝን በምን ልወቀው?»

«ማን ጥያቄያቸውን እወቂ አለሽ? ቁጥሩን ሙይ ነው የተባልሽው!»

ጆሮ ዳባ ልበስ። ርዕሰ መምህሩ ጠርተው «እህትሽን አንድ በያት፤ ሰንጠረዥ የሌለው መምህር ክፍል አይገባም» ሲሉኝ ግን ባሰብኝ። ቤት ገብቼ ያፌን ሁሉ ለቀቅኩባት። ሰነፍ አልኳት። እኔንም ታዋርጂኛለሽ አልኳት። እህቴ ሳህኗን አንስታ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲያ ከሰላምታ በቀር መነጋገር ቀረ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እህቴ ልጄን ይዛ ጫማ ልትገዛላት ወጣች። እኔ ጠረጴዛው ላይ የእሷን የሳይንስ መጽሐፍ ዘርግቼ የአሥራ ሁለት ሳምንት ዕቅድ ጻፍኩላት። አራት ሰዓት ፈጀብኝ። እንዴት ያማረ ዕቅድ ነበር! አንድም ባዶ ሳጥን የለው። መጨረሻ ላይ ፈረምኩላት። ፊርማዋን ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። እናታችን ስትሞት እሷ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ ስምንት ዓመታችን ነበር፤ ከዚያ በኋላ የውጤት ካርዴ ላይ ሁሌ የፈረመችው እሷ ናት።

ሰኞ ጠዋት የርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ልነግራት ነበር፣ እውነት ልነግራት ነበር። ግን ተኳርፈናል፤ ቀድማ ታናግረኝ አልኩ። ደግሞስ ምን አስቸኮለኝ፣ ዕቅዶቹን የምትገመግመው የትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘር የምትመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው።

ረቡዕ ከተፍ አለች።

ወጣት ናት፤ ጸጉሯን ወደ ኋላ አስራ፣ በብብቷ ፋይል ይዛ «ከሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ልጀምር» አለች። አስተባባሪ ነኝና አብሬያት ገብቼ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ዕቅዴን አውጥታ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። የዕለቱ ርዕስ ምግብና ጉልበት ነው፤ ከሒሳብ ባር ግራፍ፣ ከቋንቋ የአምስት መስመር ዘገባ።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ የክፍሉ ጣሪያ ያፈሳል። እህቴ ከሰሌዳው ፊት ወንበር ላይ ጣሳ አስቀምጣለች። «ይሄ ጣሳ መቼ ይሞላል?» ብላ ጠይቃ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል ልጆቹ ይነሳሉ። አንዱ ጠብታ ይቆጥራል፣ አንዷ ሰዓት ትይዛለች፣ ሌላው በማንኪያ ይለካል። ከምሳ በፊት ይሞላል የሚሉና አይሞላም የሚሉ ተሟገቱ፤ በቁጥር ነው የተሟገቱት፣ እኔ ለምኜ የማላገኘውን ማካፈል እያካፈሉ። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለምን እንደሚንጠባጠብ ልጄ ተነስታ ስታስረዳ አፌን ከፍቼ አየኋት። መጨረሻ ላይ ጣሪያው እንዲጠገን ለርዕሰ መምህሩ ደብዳቤ እንጻፍ አሉ፤ ሰሌዳው ላይ እየተራረሙ ጻፉ። ሳይንስ፣ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሁሉም እዚያች ጣሳ ውስጥ ነበሩ። ሱፐርቫይዘሯ ግን ወረቀቱን ወደ ፊት ታገላብጣለች፣ ወደ ኋላ ታገላብጣለች።

ደወል ሲደወል አራታችን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባን። እኔና እህቴ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ያየሁት ትምህርት ጥሩ ነው» አለች ሱፐርቫይዘሯ። «ግን ዕቅድዎ ላይ የለም።»

«ዕቅዴ?» አለች እህቴ።

ወረቀቱን ገፋ አደረገችላት። እህቴ መነጽሯን አጠለቀች። እንደ ልማዷ ቀስ ብላ ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ፊርማው ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ምነው በተቆጣች! ቁጣ አልነበረም፤ ታምሜ ስተኛ እንደምታየኝ ነው ያየችኝ።

«የእርስዎ ነው አይደል?» አለች ሱፐርቫይዘሯ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» የሚል ሦስት ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ልጄን አሰብኩ፣ የቤት ኪራዩን አሰብኩ። ውሸቴን ነው፤ ምንም አላሰብኩም። ፈራሁ።

«የኔ ነው» አለች እህቴ።

«ታዲያ ለምን አልተከተሉትም?»

«ረሳሁት።»

«በዚሁ ሳምንት ያስረከቡትን?»

«አዎ። ረሳሁት።»

ሱፐርቫይዘሯ ጻፈች። እጇ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ አሁንም ጊዜ ነበረኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ጫማዬን እያየሁ ቀረሁ።

ዓርብ ደብዳቤ መጣ። የገዛ ዕቅዷን መከተል ስላልቻለች እስክትገመገም ድረስ ከማስተማር ታግዳ መጻሕፍት ክፍል ትሥራ ይላል። የሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ለኔ ተሰጠ። ወደ ቤት ስንሄድ መንገድ ላይ «ለምን እንዲህ አደረግሽ?» አልኳት። እኔ ጠያቂ መሆኔ አይገርምም?

«አንቺ ልጅ አለሽ» አለችኝ። ትንሽ ከሄድን በኋላ «በቃ፣ ይሄን ነገር ሁለተኛ እንዳታነሺው። ደክሞኛል» አለች።

ሰኞ ክፍሏ ገብቼ ዕቅዴን አስተማርኩ። ባር ግራፉን ሁሉም ሠራ፣ ዘገባውን ሁሉም ጻፈ፤ ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ ሥራ። በአርባ ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ እጁን አላወጣም።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አክስቴ፣ ልጆቹ ጃጅታለች ይላሉ። የፈረመችውን አታስታውስም ይላሉ። እውነት ረስተሽ ነው?»

«ረሳሁ እንጂ!» ብላ ሳቀች እህቴ። «አርጅቼ የለ እንዴ?»

ልጄ አልሳቀችም። ከዚያች ምሳ ጀምሮ አክስቷን ትጠብቃት ጀመር። «አክስቴ፣ ምድጃውን አጥፍተሻል? ቁልፍሽን ይዘሻል? ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ቃላቱን እየለያየች፣ ለሕመምተኛ እንደሚነገረው ታናግራታለች። እህቴ ለሁሉም ዝግ ብላ ትመልስላታለች። አሥራ ሁለቱንም ክፍል በቃሌ ያስጠናችኝ ሴት «ዛሬ እሁድ ነው፣ የኔ ቆንጆ» ስትል ተነስቼ ወደ ግቢው ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት የርዕሰ መምህሩን በር ዘግቼ ቆምኩ። አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። መሰናበት ካለብኝ ልሰናበት፣ እሷን ወደ ክፍሏ መልሷት አልኩ። እንባዬ መጣ፤ እኔ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም።

«አውቃለሁ» አሉ።

«ምን?»

«ያንቺን አጻጻፍ ስንት ዓመት ሳነበው ኖርኩ? ያን ሁሉ ቁጥር እህትሽ ትደረድረዋለች?»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን ዝም አሉ?»

«እሷ የኔ ነው አለች። እኔ ምን ላድርግ? እውነቱ ቢወጣ የምትሰናበቺው የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ሱፐርቫይዘሯ ተመልሳ ስትመጣ ሰንጠረዡን ማን ይሞላልኛል? ፊሽካ?»

«ሳይንሱንስ ማን ያስተምራል?»

«አንቺ ዕቅዱ አለሽ» አሉኝ። መሳቢያቸውን ከፍተው የሚቀጥለውን መንፈቅ ባዶ ሰንጠረዦች አውጥተው ሰጡኝ። እምቢ ብዬ ፊታቸው ላይ እበትነዋለሁ ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል፤ እኔም ጠብቄ ነበር። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተቀበልኳቸው።

ቤት ስገባ ልጄ ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። እህቴ በክፍሏ ጋደም ብላለች፣ በሯ ገርበብ ብሏል። ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እማ፣ አክስቴን ሐኪም ጋ እንውሰዳት» አለችኝ። «እኔ አብሬያት እገባለሁ። ሐኪሙ የሚላትን እኔ እጽፍላታለሁ፣ እንዳትረሳው።»

ከእሷ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። «አክስትሽ ምንም አልረሳችም» አልኳት። «ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፊርማውም የኔ ነው። እሷ አይታውም አታውቅም።»

እስክሪብቶዋን እንደያዘች አየችኝ። እንድትጮህብኝ ጠበቅኩ፤ እኔ ብሆን እጮህ ነበር። እሷ ግን ነገሩን ከሥሩ ነው የምትይዘው፣ አክስቷ እንዳስተማረቻት።

«ሱፐርቫይዘሯ ስትጠይቃት አንቺ እዚያ ነበርሽ?»

«ነበርኩ።»

«ውጭ ነው ወይስ ውስጥ?»

«ውስጥ። አጠገቧ።»

ሌላ አልጠየቀችኝም። ደብተሮቿን አንድ በአንድ ሰብስባ ተነሳች። የአክስቷን በር አንኳኩታ ገባች፤ ከዚያ በሩን ከውስጥ ዘጋችው።