ደጅ ላይ የተለካ ኔትወርክ

ልኬቱ ስህተት ነበር። የኔትወርክ ባለሙያው እስጢፋኖስ ከትክል ድንጋይ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው ጤና ጣቢያ ኔትወርኩን የለካው ማዋለጃ ክፍል መግባት አፍሮ ደጅ ቆሞ ነው። «ጥሩ» ብሎ ስለጻፈም ለጤና ጣቢያዋ ታስቦ የነበረው የሲግናል ማጉያ ለሌላ ቀበሌ ሊሰጥ ነው። የድንጋዩ ግድግዳና የብረቱ በር ሲግናሉን ስለሚውጡት፣ አዋላጇ ሸዋአየሁ አምቡላንስ ለመጥራት ደም የሚፈሳትን እናት ትታ ወደ ግቢ ትሮጣለች። ይህንን የሰማችው የሥራ ባልደረባው ምስጢር በማግስቱ መለኪያውንም እስጢፋኖስንም ይዛ ከጎንደር መጣች።

«ወንድ እዚህ ምን ይሠራል? ነውር ነው» አለ እስጢፋኖስ የማዋለጃ ክፍሉ በር ደፍ ላይ ተገትሮ።

«አልጋው ባዶ ነው። ምነው፣ ግድግዳው ሊወልድብህ ነው?» አለችው ምስጢር።

ሸዋአየሁ ሳቋ አመለጣት።

«ሪፖርቱ እኮ ተፈርሟል። አሁን ምን ብዬ ላርመው?»

ምስጢር ክንዱን ይዛ አስገባችውና መለኪያውን አስጨበጠችው።

«ያየኸውን ቁጥር ጻፍ። ከዚያ ደውልልኝ። ስልኬ ከጠራ ሪፖርትህ ይጽና፤ ካልጠራ በራስህ እጅ ትሰርዘዋለህ።»

ሸዋአየሁን አስከትላ ወጣችና የብረቱን በር ዘጋችበት።