ደም የሚሞላው ጎመን

ኪሩ ጥርሱን ሲቦርሽ ድዱ መድማት የጀመረው ሁዳዴ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነበር። እናቱ ወይዘሮ ታየች ከአፉ የወጣውን ቀይ ውሃ አየች። ልጁ የልብ ቫልቩን በቀዶ ሕክምና ካስቀየረ ገና አምስት ወሩ ነው። ደሙ እንዳይረጋ በየቀኑ ክኒን ይውጣል፤ ዕድሜ ልኩንም ይውጣል። ታየች ስለ ክኒኑ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደም ያቀጥናል። የቀጠነ ደግሞ መወፈር አለበት። ማን ይከራከራታል?

ቀጨኔ፣ ቁልቁለቱ ላይ ያለው ጓሮዋ ከአንድ ክፍል ቤት አይሰፋም፤ ጎመኑን ግን ሰፈሩ ያወራለታል። በማግስቱ ለጋውን ትታ የታች የታቹን ቅጠል ቀነጠሰች። አጥባ ቀቀለች፣ አድቅቃ ከተፈች፣ ሽንኩርት አቁላልታ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ሠራችው። የተቀቀለበትንም ውሃ አልደፋችውም፤ በብርጭቆ ሞልታ አቀረበችለት።

«እማ፣ ጎመኑ ይቅርብኝ። ሐኪሙ አታብዛ ብሎኛል።»

«ሐኪም ስለ ጎመን ምን ያውቃል? ሥጋ ብላ አላልኩህ።» ድምፅዋ ተሰበረ። «ሆስፒታል ደጅ ሁለት ወር እየተኛሁ ለምኜ ያገኘሁህ ልጅ ነህ። እጄን ጠላኸው?»

ኪሩ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፤ ዊንጌት አካባቢ ስልክ ይጠግናል። እናቱ ስታለቅስ ማየት ግን አይሆንለትም። ጎረሰ። ብርጭቆውንም ጨለጠ።

ሁዳዴ ገባ፤ ጎመኑ የየቀን ሆነ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ድዱ መድማቱን አቆመ። የታየች ልብ ቅቤ ጠጣ፤ ያውም በጾም። ለጎረቤቷ ለጌጤ «መድኃኒቱ ጓሮዬ ነበር» አለቻት። ኪሩ የክኒኑን ሥራ ለሚከታተለው የደም ምርመራ ሊሄድ ሲነሳ ደግሞ «ቆሟል እኮ፣ ምን ያስወጋሃል?» ብላ አስቀረችው። ልጁም መርፌ ሰልችቶት ነበርና ቀረ።

በአምስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ኪሩ ጫማውን ሊያስር አጎንብሶ በዚያው ወደቀ። ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው፤ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ጌጤ ታክሲ ጠራችና ተሸክመው ሆስፒታል አደረሱት።

«ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ቁራጩ ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቷል» አለቻቸው ዶክተሯ። «ሰሞኑን አመጋገቡ ተቀይሮ ነበር?»

«ምንም የጎደለበት የለም» አለች ታየች፤ ኩራቷ ገና አልለቀቃትም። «ጎመን ነው የማበላው። በየቀኑ፣ ከገዛ ጓሮዬ።»

ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማማ፣ ጎመን ሲበዛ ክኒኑን ከሥራ ውጭ ያደርገዋል። እንዳያበዛ ነግረነው ነበር። ልጅዎ አልነገረዎትም?»

ነግሯት ነበር። ታየች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ክፉ ሴት ብትሆን ኖሮ እኛም ፈርደንባት እናርፍ ነበር።

በስምንተኛው ቀን ነርሷ ከቤት ለስላሳ ምግብ ማምጣት እንደሚቻል ነገረቻት። ታየች አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ የማይንቀሳቀሰውን እጁን ያዘች። በሃያ አራት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ጠይቃው የማታውቀውን ጠየቀችው።

«ምን ልሥራልህ ኪሩዬ? አንተ የምትፈልገውን ንገረኝ።»

ኪሩ ሊነግራት ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ድምፅ ወጣ፤ ቃል ግን አልሆነም። ደግሞ ሞከረ። ታየች ጆሮዋን ወደ አፉ አስጠግታ ጠበቀች።