መዝጊያው ጋ የተናገረው ቁጥር

…አርባ አራት ነው ያላት፣ አርባ አራት፣ እና ውሸት አይደለም፣ የመንገዱ መዝጊያ ጋ ሲደርሱ አርባ አራት በመቶ ነበር፣ ኤይሊፍ በገዛ ዓይኑ አይቶታል፣ ከዚያ ወዲህ የሆነው ሌላ ነገር ነው፣ ደግሞ መኪኖቹን በሰልፍ ተራራውን የምታሻግረው ዩሩን የጠየቀችው ባትሪህ ስንት አለው ብላ ነው እንጂ፣ እሺ፣ አዎ፣ ስንት አለው ነው ያለችው፣ ስንት ነበረው አላለችም፣ ያለው ደግሞ ሃያ ስድስት ነው።

ሃያ ስድስት።

የመዝጊያው ክንድ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይነሳል፣ ብርቱካናማው የበረዶ መጥረጊያ መኪና መብራቱን እያሽከረከረ ይወጣል፣ ከኋላው አሥራ ሦስት መኪና አንዱ የአንዱን ጅራት ይዞ ይንቀሳቀሳል፣ የኤይሊፍ አራተኛ ነው፣ አሁን ፍሬቻ አሳይቶ ከሰልፉ ቢወጣ ማንም ምንም አይለውም፣ ለምን ወጣህ የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም አጠገቡ ተቀምጧል፣ ካፖርቱን አውልቆ፣ ኮፍያውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ቡናማ አይብ የተቀባ ዳቦውን እያኘከ።

በል ንዳ እንጂ፣ ይላል ኦድቫር፣ ወይስ እሷ ራሷ ነች የምትወስነው?

ኤይሊፍ ይነዳል። ድምፅ የለም፣ ይህንን ነው ኦድቫር የሚጠላው፣ መኪና ሲነሳ ካልጮኸ ሞቷል ማለት ነው ይላል፣ ሠላሳ ዓመት የአሮጌ መኪና ማኅበራቸው ሊቀ መንበር ሆኖ ከቤንዚን ሌላ ሽታ አይወድም፣ የማኅበሩ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ይህ ሶኬት ለቡና ማፍያ ብቻ ነው የሚል ሰሌዳ አለ፣ የኤይሊፍ የእጅ ጽሑፍ ነው፣ ሁሉም ስቆ ነበር፣ ከዚያ ኅዳር ላይ ራሱ ኤይሊፍ ይቺን ትንሽ ሰማያዊ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ፣ የቱርዲስ ናት አላቸው፣ የሚስቴ ናት፣ ቱርዲስ ግን በአውቶቡስ ነው የምትሄደው፣ በየቀኑ ተራራውን ተሻግሮ ትምህርት ቤቱን የሚጠግነው፣ አምፖል የሚቀይረው፣ በዚህች መኪና የሚመላለሰው እሱ ነው፣ እና የሚያሳፍረው ደግሞ፣ ይወዳታል።

ይወዳታል። ጠዋት መስኮት አይፍቅም። ሞተር እስኪሞቅ እየረገመ አይቆምም። ብቻ ቀኝ እጁ ማርሽ ይፈልጋል፣ ዋሻ ውስጥ ሲገባ ጆሮው ያንን የሁለተኛ ማርሽ ጩኸት ይጠብቃል፣ አይመጣም፣ ቀይዋ አሮጌ መኪናው በሸራ ተሸፍና ጋራዥ ውስጥ ተኝታለች፣ እሑድ እሑድ ሄዶ ኮፈኗን ይከፍትና ዝም ብሎ ያሸታታል፣ አርባ ስምንት ዓመቱ ነው፣ እንደ ልጅ ከሁለት ቤት ይደበቃል።

ዳገቱ ጀመረ።

ዳሽቦርዱ ላይ የግራ እጁን ጓንት አኑሮታል፣ ቁጥሩ ላይ፣ ልክ እንደ ዋዛ። ጫፉን በጣቱ ያነሳል። ሃያ ሦስት። ይመልሰዋል።

ጥፋቱ ማሞቂያው ነው፣ ጥፋቱ የሱ ነው፣ ማዕበሉ ጋብ እስኪል መዝጊያው ጋ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲጠብቁ ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍቶ ተቀመጠ፣ ሠላሳ ዓመት እንደዚያ ነው የጠበቀው፣ ቤንዚን መኪና ውስጥ ሙቀት በነፃ ነው፣ ሞተሩ ራሱ የሚጥለው ትርፍ ነው፣ እዚህች ውስጥ ግን ሙቀቱ የሚመጣው ከዚያው ጎማውን ከሚያዞረው ባትሪ ነው፣ ያውቃል፣ የመመሪያ መጽሐፏን አንብቧል፣ ግን እጅ ከራስ በፊት የለመደውን ይሠራል፣ ከቤት ደግሞ ባትሪው ሃምሳ ስምንት ላይ ሳለ ነቅሎ ወጣ፣ ከግማሽ ታንክ በላይ ነው ብሎ፣ ታንክ! ከዚያ ላይ ኦድቫር ካፖርቱን አወለቀና፣ መኪናነቷን እንጃ እንጂ ምድጃነቷስ ጥሩ ነው አለ፣ ስለዚህች መኪና ያለው የመጀመሪያው ደግ ቃል፣ ኤይሊፍ ደስ አለው፣ እንደ ተመሰገነ ተማሪ ደስ አለው፣ ሙቀቱን ጨመረ።

ስማ፣ ይላል ኦድቫር፣ በስምንት ሰዓት ነው ቀጠሮዬ፣ ሐኪሙ ካረፈድኩ ሌላ ወር ይለኛል።

እንደርሳለን።

እንደርሳለን ይላል፣ ከበረዶ መጥረጊያ ኋላ እየተሳበ! የኔዋ ሞተሯ ባይፈታ ኖሮ…

ያንተዋማ ክረምት በመጣ ቁጥር ሞተሯ ይፈታል።

ነፍስ ስላላት ነዋ፣ ነፍስ ያለው ይታመማል፣ እኔን አታየኝም?

ይስቃሉ፣ ኦድቫር ጥቅምት ላይ ነው ልቡን ኦፕራሲዮን የተደረገው፣ ሐኪሙ ያለውን ራሱ ነግሮታል፣ ብርድ አየር እንዳትስብ፣ ልብህን ታስደነግጠዋለህ ብሎታል፣ ውጭ ከዜሮ በታች አሥራ ሰባት ነው።

አሥራ ስምንት። ከፊት ያለው መኪና ቀይ መብራት ነጩ ውስጥ ይጠፋል፣ ይመጣል፣ ይጠፋል። ዩሩን በየመስኮቱ እየዞረች ያለችው ጆሮው ውስጥ ነው፣ የፊቱን መብራት ከዓይናችሁ እንዳታጡ፣ ከቆማችሁ ከመኪና እንዳትወርዱ፣ አንድ ሰው ከቆመ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። በስፖኪዮው ያያል፣ ከኋላው ግራጫ የቤተሰብ መኪና፣ ሁለት የሕፃን መቀመጫ፣ ከሱ ኋላ አውቶቡስ፣ ሁሉም እሱን አምነው፣ አርባ አራቱን አምነው።

ማሞቂያውን በአንድ ነጥብ ይቀንሳል። አሥራ ስድስት። በሁለት ነጥብ። አሥራ አራት። ያጠፋዋል፣ አንድ ጊዜ በአውራ ጣቱ ጫን፣ ነፋሱ ይሞታል፣ እስከ ዛሬ እንደዚህ ዝም ብላ አታውቅም።

ምድጃህ ጠፋ እንዴ? ይላል ኦድቫር።

ራሷ ነች የምታስተካክለው።

ሁለተኛው ውሸት፣ እንዴት ቀለለ፣ የመጀመሪያው ነው ከባዱ። የኦድቫርን መቀመጫ ማሞቂያ ያበራለታል፣ እሱ ብዙ አይበላም፣ ቂጥህ ይሙቅ ብሎ ሊቀልድ ያስባል፣ አይቀልድም። መስታወቱ ከውስጥ መጨፍገግ ይጀምራል፣ በእጅጌው ይጠርጋል፣ የጠረገው ላይ ቀጭን በረዶ ይሠራል፣ እየነዳ በጥፍሩ ይፍቃል፣ ጠዋት መስኮት አልፍቅም ብሎ የተደሰተው ሰውዬ የት አለ።

ኦድቫር ካፖርቱን ይለብሳል። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ይስባል። ሻርፑን አፉ ላይ ይጠመጥማል። ያስላል፣ አንዴ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለቴ።

ደህና ነህ?

መንገዱን እይ።

ከዚያ ዝም ይላል። ኦድቫር ዝም ይላል፣ በቀዶ ጥገና አልጋ ላይ ሲገፉት እንኳ ከነርሷ ጋር ስለ ካርቡራተር ሲያወራ የሄደ ሰውዬ፣ አሁን ትንፋሹን በሻርፑ ውስጥ በቀጭኑ ይስባል፣ ኤይሊፍ እያንዳንዷን ይሰማታል፣ ሞተር የለም፣ ማሞቂያ የለም፣ የሚሸፍናት ድምፅ የለም፣ ያብራው፣ አሁን ያብራው፣ ካበራው የተራራው አናት ላይ አይደርሱም፣ ካላበራው ይሄ ሰውዬ፣ አናቱ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው፣ ስድስት፣ የመንገደኞች ማደሪያ ቤቱ ከአናቱ በፊት ነው፣ እዚያ ሰልፉ ለጥቂት ደቂቃ ይቆማል፣ እዚያ መናገር ይችላል፣ ምን ብሎ፣ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰሌዳውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ መኪናዋም የኔ ናት፣ ባትሪዋንም የጨረስኩት እኔ ነኝ ብሎ ነው፣ ረቡዕ ማታ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ሁሉም ይሰማዋል፣ እስከ ፋሲካ ይሳቅበታል፣ ወይም ደግሞ ዝም ብሎ ቢያልፍ፣ ከአናቱ ወዲያ ቁልቁለት ነው፣ ማንም ሳያውቅ ሊወርድ ይችላል፣ ሊወርድ ይችላል እኮ፣ ወይም ከአናቱ አንድ ኪሎ ሜትር ሲቀረው ትቆማለች፣ አውቶቡሱ ይቆማል፣ ሕፃናቱ ይቆማሉ፣ ኦድቫር።

ኦድቫር ያስላል።

የማደሪያ ቤቱ መብራት ይታያል፣ የፊቱ መኪና ይቆማል፣ ኤይሊፍ ይቆማል፣ ጓንቱን ያነሳል። ዘጠኝ። ዩሩን ብርቱካናማ ጃኬቷ በበረዶ ተለጥፎ በየመኪናው እያጎነበሰች ትመጣለች፣ ሁሉ ደህና? ሁሉ ደህና? አውራ ጣት እያሳዩ ያሳልፏታል፣ የሱም አውራ ጣት መሪው ላይ ተነስታለች፣ ራሷ ነች የተነሳችው፣ ዩሩን አይታው ልታልፍ ነው፣ አለፈች።

መስኮቱን ያወርዳል፣ ዩሩን!

ትመለሳለች።

ዘጠኝ ነው ያለኝ፣ ይላል፣ ድምፁ የሱ አይመስለውም፣ መዝጊያው ጋ ሃያ ስድስት ነበር፣ አርባ አራት ያልኩሽ… ሃያ ስድስት ነበር።

ዩሩን አትጮህም፣ ቢጮሁበት ይሻለው ነበር። ከኋላህ ዘጠኝ መኪና አለ፣ ትላለች፣ አንዷ ውስጥ የስድስት ሳምንት ሕፃን አለች። ሃያ ስድስት ብትለኝ እኮ ከመጀመሪያው መጨረሻ ላይ ነበር የማደርግህ፣ በቃ፣ እሱ ብቻ ነበር። እንደዚህ ስትል ወደ ኦድቫር ታያለች፣ ፊቱን ታያለች። አንተ ውረድና ከሰልፉ መጨረሻ ያለው የአጃቢ መኪና ውስጥ ግባ፣ እዚያ ይሞቃል። ኤይሊፍ፣ ወደ ቀኝ ውጣ፣ ሁሉም ይለፉህ፣ መጨረሻ ትሆናለህ፣ ከአጃቢው ፊት፣ ብትቆም እሱ በገመድ ይስብሃል፣ ሌላ ሰው አይቆምም።

ኦድቫር ቀበቶውን ይፈታል፣ ቀስ ብሎ፣ ጓንቱን ከኤይሊፍ ጭን ላይ ያነሳና ያገላብጠዋል። በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ጓንት አድርገህ ነድተህ አታውቅም፣ ይላል፣ ለምን እዚያ እንደ ተቀመጠ ሳስብ ነበር።

ኦድቫር፣ እኔ…

ብትነግረኝ ካፖርቴን አላወልቅም ነበር።

በሩ ይዘጋል። ኦድቫር ያለው እሱን ብቻ ነው፣ ምነው ብትስቅብኝ፣ ብትሰድበኝ፣ ማኅበሩን ክደሃል ብትለኝ፣ ካፖርቴን አላወልቅም ነበር ብቻ፣ ያቺው ቃል ናት እዚህ ደረቱ ላይ የተቀመጠችው።

መኪኖቹ ያልፋሉ፣ አንድ በአንድ፣ ቀስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ እሱ እያዞሩ፣ ግራጫዋ ውስጥ አንድ ሕፃን እጁን ያወዛውዛል፣ ኤይሊፍ መልሶ ያወዛውዛል፣ ምን ያድርግ። ከዚያ መጨረሻ ሆኖ ይነሳል፣ በስፖኪዮው የአጃቢው ትልቅ መኪና መብራት ብቻ፣ እዚያ ውስጥ ኦድቫር።

ስልኩ ይጮሃል።

እዚህ ናፍጣ ይሸታል፣ ይላል ኦድቫር፣ ይሞቃል፣ ይጮሃል፣ ገነት ነው። ስንት ነህ?

ሰባት።

እውነቱን?

ሰባት ነው።

ስልኩን አይዘጋም፣ ኤይሊፍም አይዘጋም፣ የናፍጣው ጩኸት በድምፅ ማጉያው መኪናዋ ውስጥ ይሞላል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተር ያላት ትመስላለች። ትንፋሹ መሪው ላይ ይተናል፣ ጣቶቹ መሪውን ይዘው እንዳሉ በዓይኑ ነው የሚያውቀው። ስድስት፣ ይላል ሳይጠየቅ። አምስት። አናቱ የት ነው፣ ምልክቱን በረዶ በልቶታል፣ ኩርባው ይሄ ነበር፣ ወይስ ያኛው፣ አራት፣ ኦድቫር አራት ነኝ።

ሰምቻለሁ። ገመዱ እዚህ እግሬ ሥር ነው። አይዞህ።

አይዞህ አለው።

ከዚያ እግሩ ያውቀዋል፣ ከዓይኑ በፊት፣ መኪናዋ ወደፊት ማጎንበስ ትጀምራለች፣ እግሩን ያነሳል፣ እሷ ራሷን ትይዛለች፣ ከሥር ቀጭን ዜማ የመሰለ ነገር ይሰማል፣ ጎማው ባትሪውን ሲሞላ የሚያሰማው፣ በየቀኑ ሰምቶታል፣ ልብ ብሎት አያውቅም፣ ቁልቁለት፣ ቁልቁለት ነው፣ አራት፣ አራት፣ ከፊት ያሉት መብራቶች ከታች ይታያሉ፣ አራት፣ ቤንዚን መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ያልበላው ይቀርለታል እንጂ የበላው አይመለስለትም፣ አራት።

አምስት።

ስንት ነህ? ይላል ኦድቫር።

ኤይሊፍ ቁጥሩን ደግሞ ያያል። እንዴት ይበለው። አምስት፣ ይላል።

ናፍጣው ብቻ።

አራት ነበር ያልከው።

አራት ነበር። አሁን አምስት ነው።

አንተ ሰውዬ፣ ይላል ኦድቫር፣ ድምፁ ደክሞታል፣ እንደገና ጀመርክ?

እዚህ ቁጥሩ ነው፣ በባዶ ዳሽቦርድ ላይ፣ ምንም ሳይሸፍነው፣ በሕይወቱ ከተናገረው ሁሉ እውነት የሆነው ነገር፣ የሚያምነው የለም፣ ይገባዋል፣ ይገባዋል። አትመነኝ፣ ይላል፣ ታች ወዲያኛው መዝጊያ ጋ ስንቆም ናና ግባ፣ አንተው አንብበው፣ እጄን አላስጠጋም።

ናፍጣው ይጮሃል። ኦድቫር ያስላል፣ ከቅድሙ የለሰለሰ ሳል።

እዚያች ፍሪጅ ውስጥ አልገባም፣ ይላል በመጨረሻ።

ኤይሊፍ እጁን ይዘረጋል፣ ጣቱ የት እንደ ነካ አይሰማውም፣ ነፋሱ ሲነሳ ግን ይሰማል፣ መጀመሪያ ብርድ፣ ከዚያ ለብ ያለ፣ ሙቀቱን ወደ ባዶው መቀመጫ ያዞረዋል።

ስድስት ሆኗል፣ ይላል፣ አሁን ማሞቂያውን አበራሁት፣ ስለዚህ ታች ስትመጣ አምስት ልታገኘው ትችላለህ።