ያልተበረረ ሰዓት

«ቁልፉን ስጠኝ አልኩህ እኮ፣ ጓድ ቸሩ! ሴትዮዋ እየሞተች ነው!»

ካፒቴን አምባው ጫማውን እንኳ ሳያራግፍ ቢሮው መሀል ገብቶ ቆመ። የመተማ ጥቁር አፈር እስከ ጉልበቱ ተለጥፎበታል።

ጓድ ቸሩ የመንግሥት እርሻው የፖለቲካ ኃላፊ ነው። ቁልፉን በክር አስሮ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል። እርሻው ከሱዳን ድንበር የአስር ደቂቃ በረራ ብቻ ስለሚርቅ፣ ያቺ ትንሽ የተባይ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ሥራ ባቆመች ቁጥር ፕሮፔለሯ በሰንሰለት ይታሰራል። አብራሪው ይዟት እልም እንዳይል ነው ነገሩ።

«መቶ ሰዓቷን ጨርሳለች» አለ ቸሩ። «ከአዲስ አበባ መርማሪ መጥቶ ሞተሯን ሳያይ አትነሳም። መመሪያ ነው።»

«የበረረችው ሰማንያ ሁለት ነው! አንተም ታውቀዋለህ።»

«መዝገቡ መቶ ይላል።»

አዬ መዝገቡ! ሰኔ ላይ ዝናቡ ያለ ልክ ሲወርድ አውሮፕላኗ ከቆመችበት ሳትነሳ ስንት ቀን ዋለች። ዕቅዱ ግን ዝናብ አያውቅም። ያን ጊዜ ይኸው ቸሩ መጥቶ፣ «ሌሎቹ እርሻዎች ከዕቅድ በላይ ሲሄዱ እኛ እንፈር? ተጨማሪ በረራ ብለህ ሙላው» አለ። የአውሮፕላኗ ሰዓት ቆጣሪ ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፤ በረረች የሚባለው መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ያህል ነው። አምባው አንድ ቀን እምቢ አለ፤ በማግስቱ ጻፈ። አንድ ሰዓት ዛሬ፣ አንድ ሰዓት ነገ እያለ አስራ ስምንት ደረሰ። መካኒኩ ቢሻውም እያወቀ ከጎኑ ፈረመ። እርሻው ቀይ የሽልማት ባንዲራ አገኘ፤ ባንዲራው ያውና ከቸሩ ራስ በላይ ተሰቅሏል።

አሁን በምጥ ተይዛ ሁለት ቀን የሞላት የዚሁ የቢሻው ሚስት ውባንች ናት። ቀትር ላይ የክሊኒኳ ጤና ረዳት ሐሚዳ ደም የነካው እጇን እያደራረቀች ወጥታ፣ «ኸላስ፣ በቃ፤ የእኔ አቅም እዚህ ድረስ ነው። ልጁ በእጁ መጥቷል። ዛሬ ጎንደር ሆስፒታል ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣቸዋለን» ብላለች። የጓንግ ወንዝ ሞልቷል። ጠዋት የተላከው ትራክተርም እስከ ሆዱ ሰምጦ እዚያው ቀርቷል። የቀረው ሰማዩ ብቻ ነው፤ እሱም ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ መንገድ ላይ ያለውን የጭልጋን ተራራ ደመና ይዘጋዋል፤ እስከ አስር ሰዓት አይገልጥም።

ቢሻው በሩ ላይ ብቅ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ካፒቴን፣ መጮኋን ተወች» አለ። ወደ ቸሩ ዞሮ ከእግሩ ላይ ወደቀ። «በእናትዎ፣ ጓድ ቸሩ! በልጆችዎ ይዤዎታለሁ!»

«ተነስ፣ ተነስ እንጂ! እኔስ ልጆች የሉኝም?» ቸሩ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ለካ እሱም ፈርቷል። መዝገቡን ወደ አምባው ገፋው። «በገዛ እጅህ ሰርዘው። በራስህ ፈቃድ እንደጻፍከው፣ እኔ እንደማላውቅ አስፍረህ ፈርም። ያኔ ሰማንያ ሁለት ይሆናል፤ ቁልፉን እሰጣለሁ።»

«አሻጥረኛ ነው ብለው ይጨርሱኛል።»

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ስትጽፈው ማሰብ ነበር።»

አምባው የሚመጣበትን ያውቃል። አምና የጎረቤት እርሻ ንብረት ክፍል ሠራተኛ በኢኮኖሚ አሻጥር ተብሎ በላንድሮቨር ሲወሰድ በዓይኑ አይቷል። ሚስቱ እስከ ዛሬ ስንቅ የምታቀብልበት እስር ቤት አላገኘችም። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ? ብዕሩን አነሳ። አስራ ስምንቱን መስመር አንድ በአንድ ሰረዘ፤ ብዕሩ ሁለቴ ወረቀቱን ቀደደው።

«መካኒኩም ፈርሟል» አለ ቸሩ አጎንብሶ እያየ። «የእሱንም ስም ጨምር።»

ቢሻው መሬት መሬቱን አየ። አምባው ግን፣ «መካኒኩ የፈረመው የእኔን ቃል አምኖ ነው» ብሎ ጻፈና ከሥሩ ፈረመ።

ቸሩ ሰዓቱን አየ። ቁልፉን ከአንገቱ አወለቀ። «ቢሻው እዚህ ይቀራል። ሱዳን ገብተህ ብትቀር የሚጠየቀው እሱ ነው። መዝገቡንም ስትነሳ ሞልተህ መልስልኝ።»

ውባንችን በቃሬዛ አምጥተው ከአብራሪው ኋላ ያለችው አንዲት ወንበር ላይ በጋቢ ጠፍረው አሰሯት። ዓይኗን አልገለጠችም፤ ትንፋሿ ግን አለ። ሐሚዳ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ ብላ፣ «አይዞሽ የኔ እህት፣ ትንሽ ነው የቀረሽ» ትላታለች። ቢሻው ሰንሰለቱን ፈታና በትከሻው ላይ ጣለው። የሚስቱን ግንባር ስሞ ወደ አምባው መጣ።

«ካፒቴን» አለ በሹክሹክታ፣ «ነዳጁን እስከ አፉ ሞልቼዋለሁ። እሷን ሆስፒታል ካደረሱልኝ ይበቃኛል። ከዚያ ወደፈለጉበት ይሂዱ፤ እንዳይመለሱ።»

«አንተስ?»

«እኔን ይተዉኝ። ወንድ ልጅ አንዴ ነው የሚሞተው።»

አምባው ወደ ምዕራብ አየ። ከድንበሩ ማዶ ያለው የገላባት ሜዳ በፀሐይ ያበራል፤ ደመና የሚባል የለበትም። በምሥራቅ ተራራው ላይ ግን ደመናው መሰብሰብ ጀምሯል። ልቡ ወደ ምዕራብ ሄደ፤ ውሸት ምን ያደርጋል፣ ሄደ።

መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። ከተሰረዙት በታች፣ «ተጨማሪ በረራ፤ ከእርሻው ጎንደር፤ አንዲት ወላድ፤ መነሻ ስምንት ሰዓት ተኩል» ብሎ ጻፈ። የመመለሻው ሰዓት የሚሞላው ሁልጊዜ አውሮፕላኗ ካረፈች በኋላ ነው። ብዕሩ እዚያ ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ «አስራ አንድ ሰዓት» ብሎ ሞላና መዝገቡን ለቢሻው አቀበለው።

ቢሻው አነበበው። «ኧረ ካፒቴን፣ ምን ነካዎት? ይገድሉዎታል እኮ!»

«ሂድ፣ አድርስለት» አለ አምባው፣ በሩን እየዘጋ። «አስራ አንድ ሰዓት ላይ ሰንሰለቱን ይዘህ ጠብቀኝ።»