በጓንጉል ስም የተወጋ ጣት

ነስረዲን በሰው ስም «አቤት» ማለትን የለመደው ጎጃም በረንዳ ነው። እዚያ የጫኝና አውራጆች ሕግ አለ። አለቃቸው ፈለቀ ጠዋት ስም ሲጠራ ለቅሶ የሄደ ወይም ልጁ የታመመበት ካለ ጓደኛው «አቤት» ይልና በእሱ ተራ ይሸከምለታል። ሦስት ቀን ተጠርቶ «አቤት» የሚልለት ያጣ ግን ይሰረዛል፤ ቦታውን የሚፈልግ እንደሆነ ሞልቷል። ነስረዲን በዚህ ሕግ ይኮራ ነበር። ወገቡን ይዞት በከረመባቸው ወራት ከባዱን ጭነት ሁሉ በእሱ ፈንታ የተሸከመለት ጓንጉል ነው።

ጓንጉል ደግሞ ስኳር አለበት። ፈለቀ አያውቅም፤ ቢያውቅ «ጆንያ እንደተሸከምክ ብትወድቅ ማን ሊጠየቅልህ ነው?» ብሎ ያሰናብተዋል። በኮሮና ጊዜ ጤና ጣቢያው «አትሰብሰቡ፤ የሦስት ወር መድኃኒት ሰው ልካችሁ ውሰዱ» ይል ስለነበር ሚስቱ እትዬ ፋና ታመጣለት ነበር። ኮሮና አለፈና ነገሩ ተለወጠ። ሕመምተኛው ራሱ በየወሩ ይምጣ፣ ደሙ ይለካ ተባለ። ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት ላይ ዋለ። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ እህል የጫኑት ተሳቢዎች የሚገቡበት፣ የሳምንቱ እንጀራ የሚገኝበት ሰዓት ነው።

«ነስሩ፣» አለው ጓንጉል፣ «እኔ እዚህ የሁለታችንንም ተራ ልሸከም። አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ የኔን ተራ ጠብቅልኝ።»

ነስረዲን መድኃኒት ተቀብሎ መመለስ ብቻ መስሎት ካርዱን ይዞ ሄደ። «ጓንጉል!» ሲባል «አቤት» አለ። ነርሷ ሲስተር ለተብርሃን ለጤና ጣቢያው አዲስ ናት፤ እጁን ሳብ አድርጋ ጣቱን ወጋችው። እውነቱን ቢናገር መድኃኒቱን የምትከለክለው መሰለውና ሆድ ይፍጀው አለ።

«ዘጠና አምስት! ጎበዝ ጋሼ፣ እንዲህ ነው እንጂ!» ብላ ካርዱ ላይ ጻፈች። ጓንጉል ይህን ሲሰማ በሳቅ ሞተ። ከዚያ ወዲያ በየወሩ አንዱ ጀርባውን፣ ሌላው ጣቱን ይሰጥ ጀመር።

በአምስተኛው ወር ሲስተር ካርዱን ገልብጣ አየችና «ስኳርዎ እንዲህ ከወረደማ ከሁለቱ ክኒኖች አንዱን እናቁም፤ ከልክ በታች ወርዶ እንዳይጥልዎ» አለች። ያኔ መናገር ነበረበት። ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር እኮ! ግን አራት ወር ሙሉ የዋሸ ሰው በአምስተኛው አፉ አይከፈትለትም። ለጓንጉል ግን ነገረው።

«አንተ እንዳታቆም። ከፋርማሲ እንገዛዋለን።»

ጓንጉል ካርዱን ተቀብሎ ቁጥሮቹን በጣቱ እየተከተለ አያቸው። ከላይ የተጻፈው የራሱ ስም ነው።

«እኔም እኮ ደህና ነኝ» አለ። «ደግሞ ሐኪም ካለች!»

ነስረዲን የቀለደ መስሎት ሳቀ። ጓንጉል ግን አልቀለደም፤ ሲመኘው የኖረውን ነገር በስሙ ተጽፎ ሲያገኘው አመነ። ክኒኑን አቆመ።

ክረምቱ እንደወጣ ከሳጥን የወጣ ሚስማር የጓንጉልን ጫማ በስቶ ገባ። እግሩ በስኳሩ ከደነዘዘ ስለቆየ ምንም አልተሰማውም። ከሳምንት በኋላ እትዬ ፋና አልጋ ሥር አይጥ የሞተ መስሏት ቤቱን ሙሉ ስታገላብጥ ዋለች። ሽታው የባሏ ካልሲ ውስጥ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ነስረዲን ደግፎ ወሰደው። ተራቸው ደርሶ «ጓንጉል!» ሲባል ነስረዲን እንደ ልማዱ ብድግ አለ። ሲስተር ፈገግ አለችለት። ከዚያ አጠገቡ እግሩን በፌስታል የጠቀለለውን ሰው አየች።

«ጓንጉል እሱ ነው» አለ ነስረዲን። «ጣቱ የኔ ነበር፣ ሲስተር።»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ፊቷ አመድ መሰለ። የጓንጉልን ጣት ወጋች፤ መሣሪያው ቁጥር መስጠት አቃተው፣ ከሚለካው በላይ ሆኖበታል።

«መድኃኒቱን ያስቆምኩት እኮ እኔ ነኝ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ንዴቷ መጣ። «እንዴት ሰው በሰው ደም ይታከማል?»

 

«አትቆጪው፣ የላክሁት እኔ ነኝ» አለ ጓንጉል። «ይልቅ ሥራ መቼ ነው የምመለሰው?»

ሲስተር አቀርቅራ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችለት። በማግስቱ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

ጎጃም በረንዳ ተሳቢዎቹ እንደወትሮው ይገባሉ። ሁለት ቀን ጓንጉል ተጠርቶ «አቤት» የሚልለት ጠፋ፤ ነስረዲን ሆስፒታል እያደረ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ከፈለቀ ፊት ቆመ።

«ጓንጉል!»

«አቤት» አለ ነስረዲን።

ፈለቀ ቀና ብሎ አየው። ወሬውን ሰምቷል። «ያንተ ወገብ የራስህንም ጭነት አይችልም። ለመሆኑ እስከ መቼ ነው?»

«እስኪመለስ።»

 ነስረዲን ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ለጆንያው አመቻቸ፤ ፈለቀም የሚቀጥለውን ስም ጠራ።